የሰባተኛ ለ ግራ እጆች

«እንደገና!» አለች መምህርቷ፣ በቾክ የነጣ እጇን ከቀሚሷ አርቃ እንደያዘች። «ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የሚቀር የለም። የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ። ገባችሁ?»

«ገባን፣ ቲቸር!»

«እስቲ። ስሎው ሲሆን?»

ሃምሳ ስምንት እጅ ባንድ ጊዜ ተነሳ። ደጅ ሆኖ በመስኮት የሚያይ ሰው የሊቃውንት ጉባኤ ይመስለዋል። መምህርቷ ግን ቆጠረች። አሥራ አንድ ቀኝ፣ አርባ ሰባት ግራ።

ዘዴው የእሷ ፈጠራ አይደለም። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ የኖረ ነው። እሷም ሥራ በጀመረችበት ዓመት ከአንድ የሂሳብ መምህር ነው የተማረችው። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፣ መምህሩ ቀኝ ካወጡት አንዱን ይጠራል፣ የተጠራው ይመልሳል፣ ሱፐርቫይዘሩም «የተማሪዎች ተሳትፎ» ከሚለው ፊት ለፊት ሙሉ ነጥብ ይጽፋል። ሱፐርቫይዘሮቹ ራሳቸው ድሮ መምህራን ስለነበሩ ነገሩን አሳምረው ያውቁታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

የዕለቱ ትምህርት በቅጽል ጫፍ ላይ ኤልና ዋይ የሚባሉትን ሁለት ፊደላት ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ መመሥረት ነበር። ሰኞ አስተማረችው። ማክሰኞ ደገመችው። ዛሬ ረቡዕ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ተማሪዎቹ ይህን ነገር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰሙ ሆነው ይማሩታል። መደነቅ ያለባቸው ቦታ ላይ እንዲደነቁ ሳይቀር ተነግሯቸዋል።

«ሬዲዮ» አለች መምህርቷ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞራ።

ሬዲዮ የክፍሉ አንደኛ ነው። ስሙን ያወጡለት አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ስለሌለ ነው።

«አቤት፣ ቲቸር!»

«ጥያቄዬን ሳልጨርስ እንዳትመልስ። ትናንት አሳፍረኸኛል።»

«እሺ፣ ቲቸር። ግን መልሱን አውቀዋለሁ እኮ።»

«እንደምታውቀው አውቃለሁ። የማታውቀው ምሰል።»

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ልትስቅ ፈለገች፤ ጉልበቱ ግን አልነበራትም።

መምህርቷ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤቷና ትምህርት ቤቱ በሁለት አውቶቡስ ይገናኛሉ፤ መንገዱ ከተጨናነቀ ሄዶ መመለሱ አራት ሰዓት ይበላል። ድሮ አይከብዳትም ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ደብተር ታርም ነበር። ከዘጠኝ ወር በፊት ግን እናቷን ስትሮክ መታቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፣ ምላሳቸው ተያዘ። ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ የወለደችው ልጅ የላትም። በየክፍሉ ሃምሳ፣ ስልሳ ልጅ አላት፤ ከእነሱ ውስጥ አንዱም እናቷን ደግፎ አያስነሳላትም።

ከቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ ብቻ የሚያስኬድ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የእንግሊዝኛ መምህር ጡረታ ወጥቶ ቦታው ክፍት ነው። የዝውውር ማመልከቻ የሚዘጋው ዓርብ ነው። ለመዛወር ደግሞ የዘንድሮ የክፍል ምልከታ ውጤት ሰማንያ አምስትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የምልከታው ቀን ዛሬ ነው። ሰማንያ አምስት ካገኘች በምሳ ሰዓት ቤት ደርሳ እናቷን ታበላለች፤ ካላገኘች እስከሚቀጥለው ዓመት ትጠብቃለች። እናቷ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ መቻላቸውን ደግሞ ማንም ሊነግራት አይችልም።

በእረፍት ሰዓት ስልኳ ጮኸ። የደወለችው ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት። መምህርቷ ቁልፍ ትታላት ስለምትወጣ እኩለ ቀን ላይ ገባ ብላ እናትየዋን የምታያቸው እሷ ናት።

«አይዞሽ እህቴ፣ አትደንግጪ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ይህን ሲሉት የማይደነግጥ ሰው ያለ ይመስል። «እትዬ ወድቀው ነበር። አሁን አልጋቸው ላይ ናቸው።»

«ወድቀው? ከየት ወድቀው?»

«ከአልጋ ነዋ። ብቻቸውን ሊወርዱ ሞክረው ነው መሰለኝ። ዛሬ ልቤ ምን እንዳለኝ እንጃ፣ ከሰዓቴ ቀድሜ ብገባ መሬት ላይ አገኘኋቸው።»

«ስንት ሰዓት ቆዩ?»

«እሱን በምን አውቄ? ሰውነታቸው ግን ቀዝቅዞ ነበር።»

«ተሰብረው ይሆን?»

«የለም የለም፣ ደህና ናቸው። አሸት አሸት አድርጌ ሻይ አጠጥቻቸዋለሁ። ስምሽን ነው የሚጠሩት። አንቺ፣ እንዳትቀየሚኝ ብቻ። እኔም የሰው ልብስ ይዤ፣ ቀጠሮ ይዤ… ሁልጊዜ የምችል አይመስለኝም።»

«አውቃለሁ። ትንሽ ነው የቀረው። ዛሬ ያልቃል።»

«ምኑ?»

«ወረቀቱ» አለች መምህርቷ። ደወሉ ተደወለ።

ሱፐርቫይዘሩ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ በቀን አራት ትምህርት ቤት የሚዞር ሰው ነው። ከኋላ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠና ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ርዕሰ መምህሩ በሩ አጠገብ ቆመ። መምህራኑ ርዕሰ መምህሩን «ሪፖርት» ብለው ይጠሩታል፤ አንድ ነገር ከመሥራቱ በፊት ስለሠራው ነገር ይጽፋል ይላሉ። ከእሷ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። ክፉ ሰው አይደለም። ዝውውሩ እንዲሳካላትም ከልቡ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር እንደ ልምምዱ ሄደ። መምህርቷ ከጫማ ካርቶን ቆርጣ የሠራቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ሰቀለች። ሁለቱን ፊደላት የያዘችውን ትንሿን ካርቶን «ስሎው» ከሚለው ጫፍ ላይ ስትገጥማት «ስሎውሊ» ሆነ፤ ልጆቹ በተነገራቸው ቦታ ላይ «ኦ!» ብለው ተደነቁ። ጥቂት ግራ እጆች ከሰዓታቸው በፊት ቢነሱም ቶሎ ወረዱ። ሬዲዮ ስለ «ኬርፉል» ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ግንባሩን እያሸ፣ እንደ ትልቅ ሰው አሰበና መለሰ። ማሰቡ ትንሽ በዝቶ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

«ሃፒ» ተመለሰ። «ኩዊክ» ተመለሰ። አምስተኛዋ ካርቶን «ኳየት» የምትለው ነበረች፤ ጸጥ ያለ ማለት ነው።

«ኳየት ሲሆን ምን እንላለን? በዐረፍተ ነገር የሚነግረኝ?»

ሃምሳ ስምንት እጅ ተነሳ።

ፊት ለፊት የቆመ ሰው ቀኝ እጅ በአንተ ግራ በኩል ነው የሚውለው። ይህን መምህርቷ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስታ አታውቅም፤ ቁጥር እንደመቁጠር ነው። አሁን ግን ዓይኗ ክፍሉ ውስጥ ቢሆንም ልቧ ቤቷ ወለል ላይ ነበር። ስንት ሰዓት ቆዩ? አንድ? ሁለት? ብርድ ልብሱንስ ስበው ለብሰውት ይሆን? በራሷ ቀኝ በኩል የተነሳ አንድ እጅ አየችና ጣቷን ቀሰረች።

«አንቺ።»

የጠቆመቻት ልጅ ተነሳች። ያን ጊዜ መምህርቷ ግራ እጅ እንደጠራች ገባት።

ልጅቷን «ጭጭ» ይሏታል። ሦስተኛው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ ነው የምትቀመጠው። ዲዳ አይደለችም፤ ሜዳ ላይ ስትጫወት ድምፅዋ ከሁሉም ይበልጣል። ክፍል ስትገባ ነው የሚጠፋው። መምህራኑ መጀመሪያ ይጠይቋት ነበር፤ በኋላ ተዉአት። ደብተሯን ሲያርሙ ካልሆነ በቀር መኖሯንም የሚያስታውስ የለም።

ሬዲዮ ቀኝ እጁን እያውለበለበ ከወንበሩ ሊነሳ ደረሰ። በሩ ላይ ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ የተዘጋጀ መውጫ አለ፦ «ጎበዝ፣ እያሰብሽ ተቀመጪ። ማን ይርዳት?» ይባላል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። መምህርቷ ልትለው አፏን ከፈተች።

ልጅቷ ግን ቆማም ግራ እጇን አላወረደችም ነበር። ጣቶቿ ወደ ላይ ቀጥ እንዳሉ ናቸው። መምህርቷ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። እጅ ካወጡ በኋላ መጠራት፣ ከተጠሩ በኋላ እጅ ማውረድ የሚባል ነገር እንዳለ ማንም አላሳያትም። ግራ እጅ የሚያወጣ ልጅ ተጠርቶ አያውቅምና። መምህርቷ አፈረች። ሱፐርቫይዘሩን አይደለም ያፈረችው፤ ልጅቷን ነው።

«እጅሽን አውርጂ» አለች ቀስ ብላ። «ነይ ወደዚህ።»

ልጅቷ መጣች። መምህርቷ «ኳየት» የምትለውን ካርቶን ከሰሌዳው አውርዳ ሰጠቻት።

«እናትሽ ምንድነው የምትሠራው?»

«ዳቦ ቤት» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም።

«ስንት ሰዓት ትወጣለች?»

«ሳይነጋ ነው። አሥር ሰዓት።»

«እናንተ ትነቃላችሁ?»

«አንነቃም።»

«ለምን አትነቁም? በር ትከፍት የለም እንዴ?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ድምፅ ሳታሰማ ነዋ የምትከፍተው። መጀመሪያ ጫማዋን በእጇ ትይዛለች። ከዚያ መቀርቀሪያውን በነጠላዋ ጠቅልላ ነው የምትስበው። ትንሹ ወንድሜ ከነቃ ያለቅስባታላ።»

«አንቺ ካልነቃሽ ይህን እንዴት አወቅሽ?»

«እኔ እነቃለሁ። ግን ዝም እላለሁ፣ እንዳይከፋት።»

ከልጆቹ ውስጥ የሳቀ የለም። መምህርቷ ወደ ካርቶኗ ጠቆመች።

«እንግሊዝኛውም የሚለው ይህንኑ ነው። ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም። በሩን እንዴት ነው የምትከፍተው ሲሉሽ፣ ይህቺን ጨምረሽ ትነግሪያቸዋለሽ።» ሁለቱን ፊደላት የያዘችውን ትንሿን ካርቶን ሰጠቻት።

ልጅቷ ሁለቱን ካርቶኖች አየች፣ ገጠመቻቸው፣ እንዳይለያዩ በአውራ ጣቷ ጫነቻቸው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። መምህርቷ ጠበቀች። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ። መምህርቷ ሲያይ አየችው፤ ግን ጠበቀች።

«ማይ ማዘር…» አለች ልጅቷ። «ማይ ማዘር ኦፕን… ኦፕንስ… ዘ ዶር… ኳየትሊ።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ሬዲዮ ነው። ትእዛዝ ሳይሰጠው ሲያጨበጭብ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ክፍሉ ፈረሰ። ከኋላ የተቀመጠው የጥበቃው ልጅ እጅ ማውጣቱን ረስቶ ተነሳና «ቲቸር፣ የኔ አባት ማታ ስለሚጠብቅ ቀን ይተኛል፣ ግን እየጮህን አናስተኛውም። ባድ ነው የሚተኛው» አለ።

«ባድ ሲሆን?»

«ማይ ፋዘር ስሊፕስ ባድሊ!»

ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። የአንዷ አክስት «አንግሪሊ» ታበስላለች። የአንዱ ታላቅ ወንድም «ፋስትሊ» ይነዳል።

«ፋስት ኤልና ዋይ አይፈልግም» አለች መምህርቷ። «እንዲሁ ፋስት ነው።»

«ለምን፣ ቲቸር?»

«እንጃ። ቸኩሎ ሳይይዛቸው ወጥቶ ይሆናል።»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል ውስጥ የሳቀችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ጭጭ ካርቶኖቹን እንደያዘች ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላት ስለሌለ አልተቀመጠችም፣ መቀመጥም የፈለገች አትመስልም። መምህርቷ የቡድን ሥራውን፣ ማጠቃለያውን፣ የቤት ሥራውን ያስታወሰችው ደወሉ ሲደወል ነው።

በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሦስቱ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ፎርሙ ተዘርግቷል። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን እየከፈተ ይዘጋል።

«መምህርት፣ እንግዲህ እንደሚያዩት ነው» አለ። «የቡድን ሥራ የለም፣ ዜሮ። ማጠቃለያ የለም፣ ዜሮ። የቤት ሥራ የለም። የጊዜ አጠቃቀም… ለአንዲት ተማሪ አሥራ አራት ደቂቃ ነው የሰጡት። ቆጥሬዋለሁ።»

«ልክ ነዎት» አለች መምህርቷ።

«ድምሩ ሰባ ስምንት ነው።»

ውጭ ልጆች ይሯሯጣሉ። መምህርቷ ሰባ ስምንት የሚለውን ቁጥር በልቧ ወደ አውቶቡስ መነዘረችው፤ ሌላ አንድ ዓመት፣ በቀን አራት አውቶቡስ።

«አንድ ነገር ልበልዎት» አለ ሱፐርቫይዘሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዚህ ዓመት ሰላሳ ሁለት ክፍል ገብቻለሁ። ትምህርት ያየሁት ዛሬ ነው። ግን ፎርሙ ላይ ለእሱ ቦታ የለውም።»

«ቦታ ከሌለው ምን ይደረጋል?» አለ ርዕሰ መምህሩ ቶሎ ብሎ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ግን ወረቀት እንዴት እንደሚያስለቅቁት ያውቅበታል። «ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት ከእኛ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ፕሮግራም አለዎት አይደል? ሲያልፉ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይግቡልን። እናታቸው ታመው ነው፣ ዛሬ ልባቸው እዚህ አልነበረም። ያው ክፍል፣ ያው ትምህርት። በእቅዱ መሠረት ከሄደ ዘጠና የማይሰጡበት ምክንያት የለም።»

ሱፐርቫይዘሩ መምህርቷን አየ። ፎርሙን ለሁለት አጠፈው፣ ለአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። «ይህን አላየሁትም። ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እመጣለሁ። በእቅዱ መሠረት ይሁን ብቻ፣ መምህርት። እኔም በላዬ ሰው አለብኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ደስ ብሏት ይሁን ደክሟት ለራሷም ለይቶ አልታወቃትም።

ሱፐርቫይዘሩ እንደወጣ ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ ተከተላት።

«ያቺ ልጅ ነገ ቤቷ ትዋል» አለ። «ሌሎችም ሁለት ሦስት ደካሞች ካሉ ይንገሯቸው። የጥበቃውም ልጅ። ዛሬ አፋቸው ተፈቷል፣ ነገ ማን ያስቆማቸዋል?»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«እንደ አምናው ነዋ። ቤት ዋሉ፣ በቃ። እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ለኔ ምን ይጨምርልኛል? እናትዎን ያስቡ።»

«ሳላስባቸው የምውልበት ደቂቃ ያለ መሰለህ?» አለች። ሁልጊዜ «እርስዎ» ትለው ነበር፤ ዛሬ አመለጣት። እሱም አልተቀየመም፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«አውቃለሁ» አለ። «ስለማውቅ ነው የለመንኩት። ሁለተኛ ብለምነው ሰውየው እሺ አይለኝም።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ክፍል ቀርቷት ነበር። አስተማረች፤ ምን እንዳስተማረች ግን ቢጠይቋት አትመልስም። በመሃል ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወለች። እናቷ ስልኩን ተቀብለው በተያዘ ምላሳቸው «አልወደቅሁም» አሏት። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ። አልወደቅሁም።» መምህርቷ እሺ አለች። ሽንት ቤት ገብታ ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ተማሪዎቹ ሲለቀቁ ጭጭ በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ቲቸር፣ ይዩልኝ።»

መምህርቷ ደብተሩን ተቀበለች። አንድ ሙሉ ገጽ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በጎበጠ የእጅ ጽሕፈት። እናት በር ትከፍታለች፣ እናት ሊጥ ታቦካለች፣ እናት ትመጣለች፣ ወንድም ይበላል፤ ሁሉም ከነአኳኋናቸው። ግማሹ ስህተት ነው። «ታየርድሊ» የሚል ቃል ነበር፤ እናትየዋ ደክሟት ወደ ቤት የምትመጣበት አኳኋን ነው። መምህርቷ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓት።»

«ምሳሽንስ?»

«በኋላ እበላለሁ።» ልጅቷ በአንድ እግሯ መሬቱን ጫረች። «ቲቸር፣ እንግዳው ሰውዬ ነገም ይመጣል አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ሬዲዮ።»

ሌላ ማን ሊሆን ይችላል! መምህርቷ ደብተሩን መለሰችላት። አሁን ነው መናገር ያለባት፤ ቃሉ አጭር ነው። ምላሷ ላይ አድርሳው እያለች ልጅቷ ቀደመቻት።

«ነገ ልቅር እንዴ? አምና እንግዳ ሲመጣ ቅሩ ብለውን ነበር። እኔንና ሌሎች ሦስት ልጆችን።»

«ማን ነው ያላችሁ?»

ልጅቷ አየቻት። በዓይኗ ላይ ቂም የለም፤ መምህርቷ መርሳቷ ብቻ ነው የገረማት።

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ ቲቸር። ለእናቴ ነገ ትምህርት የለም አልኳት። እኔ አይከፋኝም። ልብስ አጥብበታለሁ፣ ወንድሜንም እይዝላታለሁ። ከተፈለገ እቀራለሁ።»

መምህርቷ አጠገቧ ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። አምና ያለችውን ለማስታወስ ሞከረች፤ በእርግጥ ብላለች። በር ላይ ቆማ፣ በችኮላ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳታይ ነው ያለችው። ዛሬም እንደዚያው ብትል ነገ ጠዋት ዘጠና ታገኛለች። አሥር ደቂቃ በእግር። እናቷ ወለል ላይ አይቀዘቅዙም። ይህን ሁሉ ለማግኘት የምትከፍለው አንዲት ልጅ ቤት መዋሏን ነው፤ ልጅቷም ራሷ እሺ ብላለች። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። የከበዳትም እሱ ነው።

«ትመጫለሽ» አለች።

«ልምጣ?»

«ቀድመሽ ነይ። ከፊት ነው የምትቀመጪው።»

«የት ጋ?»

«ሬዲዮ ጎን።»

ልጅቷ ሁለቱን እጆቿን አየች። «የቱን እጄን ነው የማወጣው?»

«ካወቅሽ አውጪ። ካላወቅሽ አታውጪ።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

«ሁሉም ልጆች እንደዚህ ነው የሚያደርጉት?»

«ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ» አለች መምህርቷ። ፈርታ ነበር። እናቷን በገዛ እጇ ወለሉ ላይ መልሳ የጣለቻቸው ያህል ተሰማት። «አሁን ሂጂ፣ ምሳሽን ብዪ።»

ልጅቷ እየሮጠች ሄደች። መምህርቷ አንድ ጊዜ ልትጠራት ተነሳች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ልጅቷ የግቢውን በር እስክታልፍ ድረስ ቆመች።

ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው መስኮት አንገቱን አወጣ። «ነገሯት?»

መምህርቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። ሰዓቷን አየች፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው።

«ትመጣለች» አለች። «ሃምሳ ስምንቱም ይመጣሉ።»

«መምህርት! እባክዎ ያስቡበት እንጂ!»

«አስቤበታለሁ» አለችና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መንገድ ጀመረች።